ሁለተኛው ዲስክ ሐረር ይቀመጥ

ጥያቄህን ላሳጥረው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ትኖራለህ። ወንድምህ ከውጭ 4 ጊጋ ራም ያላት ራስፕቤሪ ፓይ 4 የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ልኮልሃል፤ ሁለት ባለ 2 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክም እጅህ ላይ አሉ። የልጆቹን ፎቶ፣ የሠርጋችሁን ቪዲዮና የባለቤትህን የሥራ ፋይሎች አንድ ቦታ ሰብስበህ፣ ከቤቱ ስልክና ላፕቶፕ ሁሉ እንዲከፈቱ ትፈልጋለህ። ሁለቱን ዲስኮች በሬይድ 1 አጣምረህ አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን አስበሃል። መብራት እንደሚቆራረጥ ነግረኸኛል፤ በየሁለት ሳምንቱ እናትህን ለመጠየቅ ሐረር እንደምትወጣም ጣል አድርገሃል። መዝጊያህ «እርስዎ ምን ይመክሩኛል?» ነው። እርስዎን ተወው፤ ድሬ ላይ ተቀምጠን እንዲህ አንባባልም።

አጭሩን ልንገርህ። ፓይዋ ለዚህ ሥራ ትበቃለች፤ ሬይዱን ግን ተወው። አንዱን ዲስክ ፓይዋ ላይ ሰካ፤ ሌላውን ሐረር፣ እናትህ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጥ። «ሐረር እወጣለሁ» የምትለዋ መስመር ከዘረዘርካቸው ዕቃዎች ሁሉ ትበልጣለች። ሌላ ከተማ ያለ የታመነ ቤት ብዙ ሰው ፈልጎ የማያገኘው ነገር ነው፤ አንተ አለህ።

ሬይድ 1 ሁለት ዲስክ ላይ በአንድ ጊዜ ያንኑ ነገር መጻፍ ነው። የሚያድንህ ከአንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንዱ ዲስክ ሲሞት ሥራው ሳይቋረጥ በሌላው ይቀጥላል። ባንክ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንተ ግን ሁለት ቀን የሠርግ ቪዲዮ ሳታይ ብትውል የሚጎድልብህ የለም። የሚጎዳህ ቪዲዮው ጨርሶ ሲጠፋ ነው። ጨርሶ የሚያጠፉት ነገሮች ደግሞ፣ በስህተት መሰረዝ፣ ሌባ፣ ቫይረስ፣ የመብራት ንዝረት፣ ጎርፍ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ዲስኮችን ለይተው አይነኩም።

እኔም ጀማሪ ሳለሁ ያንተኑ ነው ያደረግኩት። ሁለት ዲስክ አጣመርኩና «ከእንግዲህ ምን ይመጣል?» ብዬ ተኛሁ። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ጨዋታ የሚጭንበት ቦታ ሲያጣ አንድ ሙሉ ፎልደር ጠራርጎ ሰረዘው። ሬይድ ታዛዥ ነው፤ አንደኛው ላይ የተሰረዘውን ሁለተኛውም ላይ በዚያችው ቅጽበት ሰረዘልኝ። ቀጥሎ የመብራቱ ጣጣ መጣ። መብራት ድንገት ሲሄድ ሁለቱ ዲስኮች እኩል ላይ አይቆሙም፤ ሲመጣ ሲስተሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያነበበ ሊያመሳስላቸው ይነሳል። ባለ 2 ቴራ ዲስክ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ቢነበብ እንኳ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይህን የሚያሳጥር ቢትማፕ የሚባል መላ እንዳለ ያኔ አላወቅኩም ነበር። ማመሳሰሉ ሳያልቅ መብራቱ እንደገና ይሄዳል፣ እኔም እንደገና ቁጭ ብዬ አያለሁ። ከታች የምመክርህ፣ ፓይዋን የቤቱ ፋይል ማስቀመጫ የሚያደርጋት ኦፕን ሚዲያ ቮልት የሚባለው ሶፍትዌር ራሱ በዩኤስቢ የተሰኩ ዲስኮችን ለሬይድ ምርጫ አያቀርብልህም፤ በዩኤስቢ የሚሠራ ሬይድ ስለማያስተማምን ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ኃይል ነው። ፓይ 4 በአራቱ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቿ ድምር የምትሰጠው 1.2 አምፔር ብቻ ነው። ያንተ ዓይነቱ ትንሹ ዲስክ መዞር ሲጀምር ለጥቂት ሴኮንድ ወደ 1 አምፔር ሊስብ ይችላል። አንዱን ትችለዋለች። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነሱ ግን ቮልቴጁ ይወርድና አንደኛው ዲስክ «ጠቅ፣ ጠቅ» እያለ ይነሳል ይወድቃል። ሰው ይህን ድምፅ ሲሰማ ዲስኩ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። የተራበ ዲስክ ነው እንጂ የሞተ አይደለም።

ስለዚህ አንድ ፓይ፣ አንድ ዲስክ። አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ፤ ድሬ ላይ የዚህ ሥራ ግማሹ እሱ ነው።

መጀመሪያ የፓይዋን ቻርጀር ተመልከት። 5.1 ቮልት፣ 3 አምፔር የሚሰጥ የራሷ አዳፕተር ያስፈልጋታል። የስልክ ቻርጀር ላዩ ላይ 3 አምፔር ቢጻፍበትም ብዙ ጊዜ ኬብሉ ቀጭን ስለሆነ ፓይዋ ዘንድ ሲደርስ ቮልቴጁ አንሷል። ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርድ፣ ስክሪን ከተሰካባት፣ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ታሳይሃለች፤ ስክሪን ከሌላት ቅሬታዋን በሲስተሙ መዝገብ (ሎግ) ውስጥ ትጽፋለች። አንድ አስቂኝ ነገርም አለ፦ መጀመሪያ የወጡት የፓይ 4 ቦርዶች የዩኤስቢ ሲ መሰኪያቸው ላይ የንድፍ ስህተት ስለነበረ በወፍራሙ የላፕቶፕ ኬብል አይነሱም፣ በተራው ኬብል ይነሳሉ። ያንተዋ አልነሳ ካለች ከመደንገጥህ በፊት ኬብል ቀይር።

መብራት ሲሄድ የሚሞተው ማሽኑ አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ የነበረው ነገር ነው። ዲስክህ ሲገዛ የመጣበት ፎርማት ምናልባት ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ይሆናል። ኤክስፋት ጆርናል የለውም፤ ማለትም ምን እየሠራ እንደነበረ አስቀድሞ የሚመዘግብበት ደብተር የለውም። በመካከል ሲቋረጥ የፎልደር ዝርዝሩ ራሱ ሊዛባ ይችላል። ፓይዋ ላይ የሚውለውን ዲስክ ስለዚህ ኤክስት 4 በሚባለው የሊኑክስ ፎርማት አድርገው። እሱ ደብተር አለው፤ መብራት ሲመጣ ደብተሩን አይቶ ቤቱን ያስተካክላል። እየተጻፈ የነበረው አንዱ ፋይል ሊጎድል ይችላል፣ የቀረው ግን ይተርፋል። ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ታውቃለህ፤ ግን ልንገርህ፤ ይህን ስለማያውቁ የመጡልኝ ሰዎች አሉ።

ከዚያ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው ሳጥን። ተራው ባለ 650 ቪኤ ይበቃሃል። ፓይዋ ከዲስኩ ጋር ከ10 ዋት አትዘልም፤ ራውተሩን ጨምረህ እንኳ ባትሪው ደህና ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊይዝልህ ይችላል። ስትገዛ ግን ከጀርባው የዩኤስቢ የዳታ ቀዳዳ ያለው መሆኑን አገላብጠህ እይ። ያ ቀዳዳ ፓይዋ ላይ ሲሰካ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የሚባለው ፕሮግራም «መብራት ሄዷል፣ ባትሪው እያለቀ ነው» የሚለውን ሰምቶ ማሽኑን በሥርዓት ያጠፋዋል። ቀዳዳው የሌለው ዩፒኤስ ሞትን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም። ባትሪው ደግሞ ሙቀት አይወድም፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ይባላል። ድሬ ላይ የዩፒኤስ ባትሪ ለአምስት ዓመት ነው ብሎ የሚሸጥልህን ፈገግ ብለህ እለፈው። በየዓመቱ አንድ ቀን ሶኬቱን ነቅለህ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ ሞክረው።

ዩፒኤሱ እስኪገዛ ድረስ ቢያንስ ፓይዋን ፍሪጅና ካውያ ከሚሰኩበት ዲቫይደር ላይ አታድርጋት። የራሷን የግድግዳ ሶኬት ስጣት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ሲል ካየህ እስኪረጋ ሶኬቱን ንቀለው፤ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ያኔ ነው።

ለቆጣሪው አትስጋ። በ8 ዋት ቀንና ሌሊት ብትሠራ በወር 6 ኪሎ ዋት ሰዓት አትሞላም። አሮጌ ዴስክቶፕ ለዚሁ ሥራ ብታቆም በ60 ዋት ሂሳብ ወደ 43 ይደርሳል። አሮጌ ኮምፒውተር አለኝ፣ ለምን በሱ አልሠራም ለሚሉኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ሙቀቱ። ፓይ 4 ውስጧ 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሷን ለማዳን ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ፋይል ማቀበል ቀላል ሥራ ስለሆነ ግንቦትና ሰኔም ላይ እዚያ አትደርስም፤ ግን የላስቲክ ሳጥን ውስጥ ካፈንካት ትደርሳለች። ሳጥኑ ራሱ ሙቀት የሚያወጣ የአልሙኒየም ሽፋን ግዛላት። ፋን ያለበትን አልመክርህም፤ የድሬን አቧራ ሰብስቦ በስድስት ወሩ ማቃሰት ይጀምራል። ከፓይዋ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዲስኩ ነው። ስማርት በሚባለው የዲስኩ የራሱ መዝገብ ላይ ሙቀቱን ማየት ትችላለህ፤ ከ50 በታች እንዲቆይ ሞክር። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከፍሪጁ አናትና ከቆርቆሮው ሥር ካለው የላይኛው መደርደሪያ አርቀው። ቀዝቃዛው ቦታ ወለሉ ነው ብለህ መሬት ላይም እንዳታስቀምጠው። የ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱን ጎርፍ ያየ ሰው ዕቃ መሬት ላይ አያኖርም። ወገብ ከፍታ፣ ከመስኮት ፀሐይ የራቀ፣ አየር የሚያገኝ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሁለቱን ዲስኮች መርምር። ከየት እንደገዛሃቸው አልነገርከኝም። ባለፈው አንድ ሰው ከመንገድ ዳር የገዛውን «2 ቴራ» ይዞልኝ መጣ፤ ሳጥኑ ሲከፈት ውስጡ ትንሽ ፍላሽና ክብደት እንዲሰጥ የተለጠፈ ብረት ነበር። እንዲህ ያለው ዕቃ ኮምፒውተሩን «2 ቴራ ነኝ» ብሎ ይዋሻል፤ ፋይሉን ይቀበላል፣ ስሙን ያሳይሃል፣ ስትከፍተው ባዶ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤች 2 ቴስት ደብልዩ፣ ሊኑክስ ላይ ኤፍ 3 የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች ዲስኩን ጢም አድርገው ሞልተው መልሰው ያነቡታል። ለ2 ቴራ ቀንና ሌሊት ሊፈጅ ይችላል፤ ይፍጅ። ሲሠሩ ከመሃል ቀስ ቢል አትደንግጥ፤ የዚህ መጠን ትንንሽ ዲስኮች ብዙዎቹ መስመሮቻቸውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ደራርበው ስለሚጽፉ ረጅም ሥራ ላይ ይዝላሉ። ከፈተናው በኋላ ስማርቱን ክፈትና «ሪአሎኬትድ» እና «ፔንዲንግ» የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች እይ። ሁለቱም ዜሮ ይሁኑ። ፔንዲንግ ከዜሮ በላይ ከሆነ ያን ዲስክ ለፊልም ተጠቀምበት፣ ለልጆቹ ፎቶ ግን አታምነው።

ሶፍትዌሩ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል። ራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ ላይት የሚባለውን፣ ዴስክቶፕ የሌለውን፣ 32 ጊጋ ሜሞሪ ካርድ ላይ ትጭናለህ፤ በላዩ ኦፕን ሚዲያ ቮልትን ትጨምራለህ፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው ሁሉ ከላፕቶፕህ ብራውዘር ነው። ሦስት ነገር ብቻ ልብ በል። ስትጭን ፓይዋ በኬብል ራውተሩ ላይ ትሰካ፤ በዋይፋይ ከሆነ መሃል ላይ ኔትወርኩን ሲቀይረው ትጠፋብሃለች። ሥሪቶቹ ይጣጣሙ፤ ኦፕን ሚዲያ ቮልት 7 የሚሄደው ዴቢያን 12 በሚባለው የሊኑክስ ሥሪት ላይ ከተሠራው ራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ ጋር ነው፣ ያልሆነው ላይ ጭነህ ከሆነ አልሠራ ሲልህ ጥፋቱ ያንተ አይምሰልህ። መጀመሪያ የሚሰጥህን የይለፍ ቃል ዓለም ሁሉ ስለሚያውቀው በዚያው ሰዓት ቀይረው።

ሜሞሪ ካርድ ተደጋግሞ ሲጻፍበት ያልቃል። ፍላሽ ሜሞሪ የሚባለውን ተጨማሪ ፕሮግራም አብራው፤ የየደቂቃውን ማስታወሻ ራም ላይ እያቆየ ካርዱን ያሳርፋል። ሁሉም ነገር ሠርቶ ካለቀ በኋላ ካርዱን አውጥተህ ሙሉ ግልባጩን ላፕቶፕህ ላይ አስቀምጥ። ካርዱ የሞተ ቀን አዲስ ካርድ ላይ መልሰህ በግማሽ ሰዓት ትነሳለህ።

አንድ የእኛ አገር ጉዳይ። ፓይ 4 በባትሪ የሚሄድ ሰዓት የላትም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኢንተርኔት ከሌለ ሰዓቷ ከጠፋችበት ይቀጥላል፤ ሦስት ሰዓት ጠፍታ ከነበረ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርታለች። ያኔ የሚቀመጡት ፋይሎች ቀናቸው ይዛባል። ዲኤስ 3231 የምትባል ትንሽ የሰዓት ቺፕ ከሰዓት ባትሪ ጋር መጨመር ይቻላል፤ ወንድምህ ደግሞ ዕቃ ሲልክ ጠይቀው። የሰዓት ክልሉን አፍሪካ፣ አዲስ አበባ አድርገው። ሥራ ስታዝዛትም አቆጣጠሯን አትርሳ፦ የዲስክ ምርመራ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይሁን ካልክ የምትጽፈው 3 ነው። 9 ብለህ ከጻፍክ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ባለቤትህ ሥራ ላይ ሳለች፣ ዲስኩን ታስጨንቀዋለች።

ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ስምና የይለፍ ቃል አውጣለት። ዊንዶውስ 11 ስም የለሽ እንግዳ ሆኖ መግባትን ስለማይወድ «ለሁሉም ክፍት» ያልከው ፎልደር ላፕቶፕ ላይ አልከፍት ይላል፤ ሰው ሳምንት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። የባለቤትህ የሥራ ፎልደር ለእሷ ብቻ ይሁን። ልጆቹ ፎቶውን ማየት ይችሉ፣ መሰረዝ ግን አይችሉ። የእህቴ ልጅ ያስተማረኝ ትምህርት ነው። ፎልደሩን ስታጋራ «ሪሳይክል ቢን» የሚል ምርጫ ታገኛለህ፤ አብራው። በኔትወርክ የተሰረዘ ፋይል በቀጥታ ይጠፋል እንጂ እንደ ላፕቶፕ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይቆይልህም፤ ይህን ምርጫ ግን አንድ ወር አቆይልኝ ብለህ ልታዝዘው ትችላለህ።

ኔትወርኩን በሁለት ቃል። የራውተርህን የኬብል ቀዳዳዎች ፍጥነት እይ። ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች 100 ሜጋቢት ናቸው፤ ይህ በተግባር በሴኮንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ነው። 1 ቴራባይት ፋይል መጀመሪያ ስታስገባ 25 ሰዓት ይፈጃል። ጊጋቢት ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎችን የሚያገናኝ ፈጣን ሳጥን) ገዝተህ ፓይዋንም ላፕቶፑንም እሱ ላይ ብትሰካና አንድ ኬብል ብቻ ወደ ራውተሩ ብትወስድ በመካከላቸው የሚሄደው ፋይል ራውተሩን አይነካውም፤ ዲስኩ ካልዘገየ ያው ሥራ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ባለ አምስት ቀዳዳው ትንሹ ስዊች እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ አይጠፋም። ኬብሉ ውስጥ ስምንቱም ሽቦ መኖሩን ግን አረጋግጥ፤ አራት ሽቦ ብቻ የታሰረበት ኬብል ስዊቹ ምንም ቢሆን ከ100 አያልፍም። ስልኮቹ በዋይፋይ ይግቡ፤ ለፎቶ ይበቃቸዋል።

አሁን ሐረር እንውጣ።

የሐረሩን ዲስክ ወደ ኤክስት 4 አትቀይረው። ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ እንደዚያው ተወው። ምክንያቱም እሱ የመብራት መቆራረጥ አያገኘውም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ነው የሚኖረው። የሚፈለግበት ቀን ደግሞ ድሬ ያለው ነገር ሁሉ የጠፋበት ቀን ነው። ያን ቀን ሊኑክስ ፍለጋ መሄድ የለብህም፤ የዘመድም ሆነ የጎረቤት ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ ወዲያው መከፈት አለበት።

ቅጂውን ፓይዋ ሳትሆን ላፕቶፕህ ይሥራው። ዲስኩን ላፕቶፑ ላይ ሰካና ፍሪፋይልሲንክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የፓይዋን ፎልደር ከዲስኩ ጋር አነጻጽር። ፕሮግራሙ «ሚረር» እና «አፕዴት» የሚሉ ምርጫዎች አሉት። ሚረር የሚለውን እንዳትነካው፤ ድሬ ላይ የጠፋውን ሐረርም ላይ ያጠፋልሃል፣ በሌላ በር ተመልሶ የመጣ ሬይድ ነው። አፕዴት አዲሱንና የተቀየረውን ብቻ ይጨምራል፣ ምንም አይሰርዝም። ቅጂውን ከመጀመርህ በፊት ግን ከፓይዋ ላይ አሥር ያህል ፎቶ በዘፈቀደ ክፈትና እይ። ቫይረስ የቆለፋቸው ፋይሎች «ተቀይረናል» ብለው ጤነኛውን ቅጂ እንዲተኩት አትፈልግም።

እዚህ ላይ ሂሳቡን አስብ። በየሁለት ሳምንቱ ነው የምትወጣው። ዲስኩን ለማደስ ብለህ ከሐረር ካወረድከው እስክትመለስ ሁለት ሳምንት ድሬ ከሌላው ዲስክ ጋር ይከርማል፤ ያኔ ከሬይድ ምን ተሻለ? ስለዚህ ሲቻልህ ሦስተኛ ዲስክ ግዛ። አዲስ የተቀዳውን ይዘህ ትወጣለህ፣ አሮጌውን ይዘህ ትወርዳለህ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ይለዋወጣሉ። ሐረር ሁልጊዜ አንድ ዲስክ ይኖራል፤ ቢበዛ የሁለት ሳምንት ፎቶ ነው የሚጎድለው። ሦስተኛው እስኪገዛ ደግሞ የሁለት ሳምንቱን አዲስ ፋይል ላፕቶፕህ ላይ ይዘህ ውጣና እዚያው ዲስኩ ላይ ጨምረው፤ ዲስኩ ከእናትህ ቤት አይውጣ።

መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የደንገጎን ጠመዝማዛ ታውቀዋለህ። ዲስኩን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳትከተው። በፎጣ ጠቅልለህ ጭንህ ላይ ያዘው። የሚዞር ዲስክ ጠፍቶ ሳለ ብዙ መንገጫገጭ ይችላል፤ የማይችለው እየሠራ ሳለ መውደቅን ነው፤ ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ «ኢጀክት» ብለህ መዞሩን እስኪያቆም ሳትጠብቅ አትንቀለው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ከእኛ 1,200 ይልቅ ለዲስክ የተሻለ መኝታ ናት። እናትህን «ይህን ሳጥን ማንም እንዳይነካ» በላቸው፤ በላዩም የተቀዳበትን ቀን በወፍራም እስክሪብቶ ጻፍበት።

ዲስኩ መንገድ ላይ ቢጠፋስ? ሙሉውን መቆለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን የይለፍ ቃሉን ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያስታውስ ማን ነው? የልጆች ፎቶ ለሌባ አይጠቅምም። የፓስፖርት፣ የካርታና የባንክ ወረቀት ፎቶዎችን ብቻ ሰቨን ዚፕ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጠቅልለህ በይለፍ ቃል ዝጋቸው፤ ቃሉን ባለቤትህም ትወቀው። ፓይዋ ላይ ያለውንም ዲስክ መቆለፍ አልመክርህም፤ የፓይ 4 ቺፕ ለዚህ የሚሆን የራሱ ማፋጠኛ የለውም፣ መብራት በሄደ ቁጥርም ቁልፉን ደግመህ እስክትጽፍ ቤተሰቡ ደጅ ይቆማል።

ወንድምህ ከውጭ ሆኖ ፎቶውን ማየት እንደሚፈልግ ጠቅሰሃል። ራውተሩ ላይ ከኢንተርኔት የሚያስገባ በር (ፖርት) ክፈት የሚልህን አትስማ። በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ማይ ቡክ ላይቭ የሚባሉት የዌስተርን ዲጂታል የቤት ማስቀመጫዎች ኢንተርኔት ላይ በቀጥታ ተጋልጠው ስለነበር በርቀት ተሰረዙ፤ ሰዎች ጠዋት ሲነሱ ባዶ ሳጥን አገኙ። ቴይልስኬል ወይም ዋየርጋርድ የሚባሉት በእናንተ ማሽኖች መካከል ብቻ የተቆለፈ መንገድ ይሠራሉ። ያንተ ኢንተርኔት ብዙ ደንበኞች በአንድ አድራሻ የሚጋሩት ዓይነት ከሆነ ቴይልስኬል ይቀልሃል፤ ምንም በር ሳይከፈት ይሠራል። ለወንድምህ ማየት ብቻ ፍቀድለት። ከእኛ ወደ ውጭ የሚላከው ፍጥነት ቀርፋፋ ስለሆነ የሠርጉን ቪዲዮ በዚያ ይይ አትበለው።

ፎቶን በሰው መልክ እየለየ የሚደረድረውን ኢሚች የሚባል ፕሮግራም አሁን አትጫን። 4 ጊጋ ራም ላይ ፓይዋን ያስለቅሳታል። መጀመሪያ ፋይሉ በሰላም ይቀመጥ።

በዚህ ሳምንት የምትሠራው ሁለት ነገር ነው፦ የዲስኮቹን ፈተና ጀምርና ቁጥሮቹን ላክልኝ፤ የራውተርህን ጀርባም ፎቶ አንሳልኝ፣ ስዊቹን ከመግዛትህ በፊት ልየው። በሚቀጥለው ሐረር ስትወጣ ደግሞ ዲስኩን እዚያው ባለው ሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ ሰክተህ የሠርጉን ቪዲዮ ከመሃል ክፈተው። ከተከፈተ እናትህም ይዩት።